ድፍርስ ውኃ ውስጥ ባስን ማጥመድ፦ ከቀለም በፊት የሚመጡ ምርጫዎች

በሰሜን አሜሪካ ወንዞችና ሐይቆች ከሚኖሩ አዳኝ ዓሦች መካከል በመዝናኛ አጥማጆች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ የሆነው፣ «ላርጅማውዝ ባስ» በሚል ስም የሚታወቀውና አፉ ሲዘጋ የላይኛው መንጋጋው ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ የሚዘልቀው አፈ ሰፊ ዓሣ ነው። የተፈጥሮ መኖሪያው የአህጉሩ ምሥራቃዊና መካከለኛ ክፍል ቢሆንም ሰዎች ወደ ብዙ አገሮች አዛምተውታል፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ ኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ የገባው ባስ ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተመዘገበው የክብደት ክብረ ወሰን ከ10 ኪሎ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ ጆርጅ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1932 በጆርጂያ ግዛት፣ ማናቡ ኩሪታ ደግሞ በ2009 በጃፓኑ ቢዋ ሐይቅ በያዟቸው ሁለት ዓሦች በጋራ የተያዘ ነው።

ባስ በአብዛኛው የሚጠመደው በማማለያ ነው። ማማለያ የሚባለው፣ ሕይወት ያለው ትል ወይም ትንሽ ዓሣ ሳይሆን፣ ከእንጨት፣ ከፕላስቲክ፣ ከላስቲክ ወይም ከብረት ተሠርቶ የዓሣ ምግብ እንዲመስል የተደረገና መንጠቆ የተገጠመለት መሣሪያ ነው። ገበያው ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ አንድ ዓይነት ማማለያ በደርዘን በሚቆጠሩ ቀለሞች ይሸጣል፤ በዚህም ምክንያት የጸደይ ዝናብ ወንዙን ሞልቶ ውኃውን ሲያደፈርሰው ብዙ አጥማጆች አስቀድመው የሚጠይቁት የትኛው ቀለም እንደሚሻል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ተራው የመጨረሻው ነው። ዓሣው የተጠጋበት ቦታ፣ ማማለያው በውኃው ውስጥ የሚፈጥረው ንዝረትና የሚጎተትበት ፍጥነት አስቀድመው ካልተወሰኑ፣ ዓሣው ማማለያው መኖሩንም ሳያውቅ ስለሚቀር የቀለም ምርጫ ብቻውን ፋይዳ አይኖረውም።

ውኃው ሲደፈርስ ምን ይለወጣል?

ከባድ ዝናብ ከማሳና ከወንዝ ዳርቻ ጠርጎ የሚያመጣው አፈር በመጠኑ የተለያየ ነው። አሸዋው የውኃው ፍሰት ረገብ እንዳለ ወደ ታች ይወርዳል፤ ደቃቅ የሸክላ አፈር ግን ቅንጣቶቹ በዓይን ከሚታየው መጠን እጅግ ያነሱ በመሆናቸው ጎርፉ ካለፈ በኋላም ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ተንሳፍፎ ይቆያል። የዓባያ ሐይቅን ቀይ ቡናማ መልክ ያየ አንባቢ እንዲህ ያለ ደለል ውኃን ምን ያህል ሊጋርድ እንደሚችል ለመገመት አይቸገርም።

ወደ ውኃው የሚገባው ብርሃን ከእነዚህ ቅንጣቶች ጋር ሲጋጭ ወደየአቅጣጫው ይበተናል፤ በዚህም ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር የብርሃኑ መጠን በፍጥነት ይቀንሳል፤ በጥቂት ርቀት ላይ ያለ ነገር ጠርዝም ከአካባቢው ጋር ይቀላቀላል። የቀለማት ዕጣም ይለወጣል። በጠራ ውኃ ውስጥ ጥልቀት ሲጨምር አስቀድሞ የሚጠፋው ቀይ ብርሃን ሲሆን፣ ደለልና የበሰበሰ ቅጠል ባጠቆረው ውኃ ውስጥ ግን አጭር የሞገድ ርዝመት ያለው ሰማያዊ ብርሃን ቀድሞ ስለሚዋጥ በአንጻሩ ብርቱካናማውና ቀዩ የተሻለ ርቀት ይዘልቃሉ።

የውኃን ጥራት ለመለካት እስካሁን የሚሠራበት ቀላል መሣሪያ ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጀሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የሞከሩት ዝርግ ክብ ሰሌዳ ነው። በሐይቆች ላይ የሚያገለግለው ዓይነት 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውና በጥቁርና በነጭ የተከፈለ ሲሆን፣ በገመድ ታስሮ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ወደ ታች ይለቀቃል፤ የተሰወረበት ጥልቀትም የውኃው ጥራት መለኪያ ይሆናል። አጥማጅ ይህን ሰሌዳ ባይዝም፣ ነጭ ማማለያ ከታንኳው ጎን ቀስ ብሎ ወደ ውኃው ቢያወርድ ተመሳሳይ ግምት ያገኛል። ማማለያው ግማሽ ሜትር ያህል ወርዶ የሚታይ ከሆነ ውኃው ደብዘዝ ያለ ብቻ ነው፤ አሥርና አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ላይ የሚጠፋ ከሆነ ግን የምርጫው ሥርዓት ሁሉ መለወጥ አለበት።

ዓሣው ምግቡን በምን ያውቃል?

ባስ በተፈጥሮው በዓይኑ የሚያድን ዓሣ ነው። ውኃው ሲደፈርስ ምግቡን ለይቶ የሚያይበት ርቀት ስለሚያጥር አድብቶ የሚጠብቅበት ክልልም አብሮ ይጠባል። ይሁን እንጂ ዓሣው ዓይኑን ብቻ አልታጠቀም። ከስንጥባቱ ጀርባ ተነሥቶ እስከ ጅራቱ የሚዘረጋውና በቅርፊቶቹ ላይ እንደ ቀጭን ነጠብጣብ ጎልቶ የሚታየው የጎን መስመር የሚባለው አካል፣ ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው የስሜት ሕዋሳት የተሰደሩበት ነው። በአቅራቢያው ያለ ነገር ሲንቀሳቀስ የሚገፋው ውኃ እነዚህን ጫፎች ያዘነብላቸዋል፤ መልእክቱም በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይሄዳል። ዓይናቸው በተጋረደ «ማስኪ» በሚባሉ ሌሎች አዳኝ ዓሦች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች፣ ዓሦቹ በጎን መስመራቸው ብቻ እየተመሩ በቅርብ ያለ ምግብ መያዝ እንደሚችሉ አሳይተዋል።

የዚህ አካል ድክመት ርቀቱ ነው። ዝግ ያለ ንዝረትን በሚገባ ቢለይም፣ በትክክል የሚያገለግለው ከዓሣው ቁመት እምብዛም በማይበልጥ ርቀት ውስጥ ነው። ከዚያ ራቅ ያለውን ድምፅ የሚቀበለው ከውጭ የማይታየው የዓሣው ውስጠኛ ጆሮ ሲሆን፣ ድምፅ በውኃ ውስጥ በአየር ከሚጓዝበት ከአራት ጊዜ በላይ ስለሚፈጥን ኳኳታ ያለው ማማለያ ዓሣውን ከሩቅ ሊያነቃው ይችላል። ማሽተት ለባስ የሚሰጠው አገልግሎት ለድፍርስ ውኃ ኑሮ እንደ ተፈጠረው አምባዛ ያህል አይደለም፤ ጨው ወይም የዓሣ ዘይት የተቀላቀለበት ላስቲክ ጠቀሜታው ዓሣው አንዴ ከጎረሰ በኋላ ቶሎ እንዳይተፋው ማድረግ ነው። እንግዲህ በድፍርስ ውኃ ማማለያው በቅደም ተከተል ሊያናግረው የሚገባው ጆሮውን፣ ከዚያ የጎን መስመሩን፣ በመጨረሻም ዓይኑን ነው።

ሙላቱ ዓሣውን የት ያደርሰዋል?

ከማማለያው በፊት የቦታው ጉዳይ መታወቅ እንዳለበት ለማሳየት የኬንታኪ ሐይቅ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሐይቁ የተፈጠረው የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን በቴነሲ ወንዝ ላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1944 ባጠናቀቀው ግድብ ሲሆን፣ 296 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ባለሥልጣኑ ለጎርፍ መቀበያ ቦታ ለማዘጋጀት በክረምት ወራት የውኃውን ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 354 ጫማ ዝቅ ያደርገዋል፤ በሚያዝያ ወር ደግሞ ወደ በጋው 359 ጫማ ያሳድገዋል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ቢሆንም፣ ዳርቻው ዝርግ በመሆኑ ክረምቱን በደረቅ መሬት ላይ የቆሙት ቁጥቋጦዎችና አኻያዎች ግንዳቸው በውኃ ይዋጣል። ከባድ ዝናብ ሲታከልበት ውኃው ከዚህም ከፍታ አልፎ ወደ ዛፎቹ መካከል ይገባል።

ባስም ውኃውን ተከትሎ ወደ ዳርቻው ይጓዛል። የውኃው ሙቀት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስበት በዚህ ወቅት ዓሣው እንቁላሉን የሚጥለው ጥልቀት በሌለው ስፍራ ከመሆኑም በላይ፣ አዲስ የተጥለቀለቀው መሬት ትልና ክሬፊሽ የሚባለውን የወንዝ ሸርጣን መሰል ፍጥረት ያቀርብለታል። ውኃው በደፈረሰ መጠን ደግሞ ዓሣው ከግንድ፣ ከቁጥቋጦ ወይም ከድንጋይ ጋር ተጠግቶ ይቆማል፤ ጠንካራ ነገር ከፍሰቱ ይከልለዋል፤ የምግብ ማደፈጫም ይሆነዋል። በጠራ ውኃ በሰፊው ይዘዋወር የነበረው ዓሣ በሙላት ጊዜ በአንድ ቁጥቋጦ ሥር መገኘቱ ለአጥማጁ ከድፍርሱ ጋር የመጣ በረከት ነው ሊባል ይችላል።

የውኃው አዝማሚያም ከከፍታው ያላነሰ ይናገራል። ውኃው በመጨመር ላይ እያለ ዓሣው ወደ ዳርቻው ጥግ ይገፋል፤ መጉደል ሲጀምር ግን ደረቅ ላይ እንዳይቀር ፈጥኖ ይመለስና ዝርጉ መሬት ወደ ጥልቁ በሚያዘነብልበት የመጀመሪያው ጠርዝ ላይ ይሰበሰባል። ትናንት ዓሣ የተያዘበት ቁጥቋጦ ዛሬ ባዶ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የማማለያው ቀለም ሳይሆን የውኃው በአንድ ሌሊት መጉደል ነው። ትናንሽ ገባሮች በዝናቡ ቀን ቀድመው ቢደፈርሱም ቀድመው የሚጠሩትም እነርሱ ናቸው፤ ዋናው ወንዝ ግን ከላይኛው ተፋሰስ የሚወርደውን ደለል ዘግይቶ ስለሚቀበል ሰማዩ ከጠራ ከቀናት በኋላም ቡናማ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ድፍርሱና የጠራው ውኃ የሚገናኙበት በዓይን የሚለይ ድንበር ካለ በዚያ መጀመር ይመረጣል።

ለድፍርስ ውኃ የሚመረጡ ማማለያዎች

በመጀመሪያ የሚጠቀሰው «ስፒነርቤይት» ነው። ይህ ማማለያ እንደ ተከፈተ መቀስ ከታጠፈ ሽቦ የተሠራ ሲሆን፣ በታችኛው ክንድ ጫፍ የእርሳስ ራስ፣ መንጠቆና መንጠቆውን የሚሸፍን ቀጫጭን የላስቲክ ዘርፍ፣ በላይኛው ክንድ ጫፍ ደግሞ ሲጎተት የሚሽከረከር ዝርግ ብረት አለው። የብረቱ ቅርጽ የማማለያውን ጠባይ ይወስናል። «ዊሎውሊፍ» የሚባለው ቀጭንና ረጅም ቅጠል መሰል ብረት በፍጥነት እየዞረ ብልጭታ ስለሚሰጥ ለጠራ ውኃ ይስማማል፤ «ኮሎራዶ» የሚባለው ክብና ጎድጓዳ ብረት ግን በእያንዳንዱ ዙር ብዙ ውኃ ስለሚገፋ ዝግ ያለ ከባድ ንዝረት ይፈጥራል፤ ንዝረቱም በዘንጉ እጀታ ላይ በግልጽ ይሰማል። በድፍርስ ውኃ ብልጭታውን የሚያሳይ ብርሃን ስለሌለ ከ10 እስከ 15 ግራም በሚመዝን ማማለያ ላይ አንድ ትልቅ የኮሎራዶ ብረት ማድረጉ ይመረጣል። የታጠፈው ሽቦ መንጠቆውን ከቅርንጫፍ ስለሚከላከል ማማለያውን በቁጥቋጦው መካከል ማሳለፍ ይቻላል።

እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የገነነው «ቻተርቤይት» የዚሁ ሐሳብ ሌላ መልክ ነው። ከራሱ ፊት ለፊት የተገጠመለት ዝርግ ብረት ከመሽከርከር ይልቅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በፍጥነት እየተመታ፣ እንደ ጸናጽል የብረት ድምፅንና ንዝረትን በአንድ ላይ ይሰጣል። መንጠቆው እንደ ስፒነርቤይት የተከለለ ስላልሆነ ግን ጥቅጥቅ ካለ ቁጥቋጦ ይልቅ ለሣርና ለተበታተነ ግንድ የተሻለ ነው።

ሦስተኛው «ስኩዌርቢል» ሲሆን፣ ከፊቱ የተገጠመለት አራት ማዕዘን ምላስ ሲጎተት ወደ ታች እንዲጠልቅና ወገቡን እያወዛወዘ እንዲሄድ ያደርገዋል። የዚህ ወገን ስመ ጥር ቀዳሚ፣ የቴነሲ ግዛት ነዋሪ የነበሩት ፍሬድ ያንግ ከበልሳ እንጨት በእጃቸው ይቀርጹት የነበረው «ቢግ ኦ» ነው። የምላሱ ማዕዘን ግንድ ሲነካ ማማለያውን ወደ ጎን ስለሚያስፈነጥረው መንጠቆው ከመያዙ በፊት እንቅፋቱን ያልፋል፤ በዚያ ቅጽበት የሚፈጠረው ድንገተኛ የአቅጣጫ ለውጥም አድፍጦ የቆመውን ዓሣ ሳያስብ እንዲነክስ ያነሣሣዋል። ስለዚህ ስኩዌርቢልን በባዶ ውኃ መጎተት የጥቅሙን እኩሌታ መተው ነው፤ ሆን ተብሎ ከግንድና ከድንጋይ ጋር ሊጋጭ ይገባዋል።

እነዚህ ሦስቱ ቦታን በፍጥነት ለመፈተሽ የሚያገለግሉ ሲሆኑ፣ አራተኛው «ጂግ» ዓሣው ያለበት ቁጥቋጦ ሲታወቅ የሚመረጥ ነው። ጂግ ከባድ የብረት ራስ፣ የላስቲክ ዘርፍና መንጠቆውን ከቅርንጫፍ የሚጠብቅ የጭረት ጉንጉን ያለው ሲሆን፣ ከኋላው የክሬፊሽ ቅርጽ ያለው ለስላሳ ላስቲክ ይሰካበታል። ኒክ ክሪም እ.ኤ.አ. በ1949 በኦሃዮ ግዛት የላስቲክ ትል ሠርተው የጀመሩት ኢንዱስትሪ ለዚህ ዛሬ የማይቆጠር ምርጫ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዲ ቶማስ የተባሉት የካሊፎርኒያ አጥማጅ ያስተዋወቁት «ፍሊፒንግ» የተሰኘው ዘዴ ለሙላት ጊዜ እንደ ተፈለሰፈ ነው፦ አጥማጁ ረጅም ዘንግ ይዞ፣ ማማለያውን ወደ ሩቅ ከመወርወር ይልቅ ከጥቂት ሜትር ርቀት በቁጥቋጦው እምብርት ላይ ያለ ጩኸት ያወርደዋል። ዓሣው ሲጎርስ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በመጎተት ሳይሆን ክሩ ወደ ጎን ሲንሸራተት ወይም ማማለያው መሬት ከመድረሱ በፊት መውረዱን ሲያቆም ነው። በጂጉ ላይ ትንሽ ኳኳታ ያለው ብልቃጥ መጨመርና ከኋላው ገዘፍ ያለ ላስቲክ መሰካት የሚገፋውን ውኃ መጠን ይጨምራል።

ቀለም በስተመጨረሻ

ቦታውና ንዝረቱ ከተወሰኑ በኋላ የቀለም ምርጫ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ይሆናል። በባስ ዓይን ውስጥ ቀለምን የሚለዩት ሕዋሳት ሁለት ወገን ሲሆኑ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ ሌላው ለቀይ ብርሃን የተዘጋጀ ነው። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት ምግብ እየሰጡ ያሠለጠኗቸው ባሶች ቀይንና አረንጓዴን ከሌሎች ቀለሞች በሚገባ ሲለዩ፣ «ሻርትሩዝ» የሚባለውን ቢጫ አረንጓዴ ከነጭ፣ ሰማያዊውንም ከጥቁር ለመለየት ተቸግረዋል። ሻርትሩዝና ነጭ፣ እንዲሁም ጥቁርና ሰማያዊ በድፍርስ ውኃ አጥማጆች ሣጥን ውስጥ ዋናዎቹ ቀለሞች በመሆናቸው፣ ሰዎች በመካከላቸው የሚያወዳድሩት ልዩነት ለዓሣው ብዙም ትርጉም ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ በተግባር የሚቀረው ምርጫ በደማቅና በጥቁር መካከል ነው። ደማቁ ማማለያ የቀረውን ጥቂት ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ፀሐይ ባለበት ሰዓትና ለሚጎተቱት ስፒነርቤይትና ስኩዌርቢል ይስማማል፤ ጥቁሩ ደግሞ ከሥር ወደ ላይ ለሚመለከት ዓሣ በፈካው የውኃ ገጽ ላይ እንደ ጥላ ጎልቶ ስለሚታይና ከቡናማው ውኃ ጋር ስለማይመሳሰል፣ ለጂግና ለደመናማ ቀን ይመረጣል። ክሬፊሽ በሚበዛበት አካባቢ ቀይና ብርቱካናማ መጨመር ዓሣው ከሚለየው ቀለምም ሆነ በድፍርስ ውኃ ከሚዘልቀው ብርሃን ጋር ይስማማል። አብረቅራቂ የብር ቀለምና ውስጡን የሚያሳይ ስስ ላስቲክ ለጠራ ውኃ የተሠሩ በመሆናቸው በዚህ ጊዜ ቢተዉ ይሻላል።

ዝግታና ድግግሞሽ

ዓሣው ማማለያውን የሚያገኝበት ክልል ስለ ጠበበ በዚያ ክልል ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ መርዘም አለበት። በጠራ ውኃ ፈጥኖ መጎተት ዓሣው ሐሰቱን እንዳይመረምር ሊረዳ ይችላል፤ በድፍርስ ውኃ ግን ዓሣው ንዝረቱን ሰምቶ ዞር እስኪል ድረስ ማማለያው ካለፈ ዕድሉ አብሮ ያልፋል። ስለዚህ ብረቱ መዞሩን ሳያቋርጥ ሊጎተት በሚችልበት ዝቅተኛ ፍጥነት መጎተትና በአንድ ግንድ ላይ በሁለቱም ጎን ደጋግሞ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ድፍርሱ ክሩን ከዓሣው ዓይን ስለሚሰውረው ቀጭን ክር መምረጥ አያስፈልግም፤ ከ20 ፓውንድ በላይ የሚችል ወፍራም ክር፣ ለጂግም 50 ፓውንድ የሚሸከም የተጠለፈ ገመድ ዓሣውን ከቁጥቋጦው አስገድዶ ለማውጣት ያስችላል።

ሙቀቱ ከድፍርሱ ጋር አብሮ መታየት አለበት። ሞቃት የጸደይ ዝናብ የውኃውን ሙቀት ከፍ አድርጎ ዓሣውን ሊያነቃቃው ይችላል፤ የቀለጠ በረዶና የክረምት ዝናብ ያደፈረሱት ቀዝቃዛ ውኃ ግን የዓሣውን የሰውነት አሠራር ስለሚያዘገየው በድፍርስ ላይ ቅዝቃዜ ሲታከል ከሁሉ የከፋው ሁኔታ ይፈጠራል። በእንዲህ ያለ ቀን ጂግን በአንድ ስፍራ በትዕግሥት ማንቀሳቀስ ወይም ጥራት ያለው ገባር መፈለግ ከማማለያ መለዋወጥ ይበልጥ ያዋጣል።

በፖቶማክ ዳርቻ

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚያልፈው የፖቶማክ ወንዝ፣ በተለይም የባሕር ማዕበል ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የታችኛው ክፍሉ፣ የታወቀ የባስ መኖሪያ ነው። ከአፓላቺያ ተራሮች የሚወርደው ዝናብ ወንዙን በጸደይ ደጋግሞ ስለሚያደፈርሰው ከላይ የተገለጸው ሁሉ በዚያ ይሠራል፤ ሆኖም በየዕለቱ የሚጎድለውና የሚሞላው ማዕበል በአንድ ቀን ውስጥ ዓሣውን ወደ ዳርቻና ወደ ጠርዝ ስለሚያመላልሰው አጥማጁ የማዕበሉን ሰዓት ማወቅ ይኖርበታል። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የየራሳቸው የማጥመድ ፈቃድ ስላላቸው ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው የሚያጠምድበትን ውኃ ሕግ አስቀድሞ መመልከት አለበት።

የሙላት ውኃ ከማጥመድ በፊት የሚቀድም የደኅንነት ጥያቄም አለው። ፍሰቱ ተንሳፋፊ ግንዶችን ከውኃው ገጽ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ስለሚያመጣ ታንኳን ሊገለብጡ ይችላሉ፤ የድፍርሱ ውኃ ጥልቀትም በዓይን ስለማይታወቅ በእግር ገብቶ ማጥመድ አደገኛ ነው፤ የሕይወት ማዳኛ ጃኬትም ከአካል መለየት የለበትም። የዲሲ ከተማ አንድ ሦስተኛ ያህል የዝናብ ውኃና የቤት ፍሳሽ በአንድ ቧንቧ የሚወርድበት በመሆኑ፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ወንዞቹ ሊለቀቅ ይችላል፤ በእንዲህ ያሉ ቀናት ቁስልን ከውኃው መጠበቅና ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ የግድ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ ሲታይ፣ አጥማጁ በመጀመሪያ ውኃው እየሞላ ወይስ እየጎደለ መሆኑን፣ ቀጥሎ ዓሣው የሚጠጋበትን ጠንካራ ነገር፣ ከዚያ በዚያ ነገር መካከል ሳይያዝ የሚያልፈውንና ብዙ ውኃ የሚገፋውን ማማለያ፣ በመጨረሻም ደማቅ ወይም ጥቁር ቀለምን ይመርጣል። ዓሣ አልነክስ ሲል ለውጡ በዚሁ ቅደም ተከተል ከላይ መጀመር አለበት፤ በአንድ ባዶ ቁጥቋጦ ዙሪያ ስድስት ዓይነት ቀለም ከመሞከር ይልቅ በአንድ ቀለም ስድስት ቁጥቋጦ መፈተሽ የተሻለ ዕድል ይሰጣል።